ተራራው ይዘጋ ስንል፣ ፍየሎቹ የት ይሂዱ?

የመርዓዊ ልጅ
የዛሬው ክርክራችን ይሄ ነው። የተራቆተ የወል ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲሆን ለውሃም ለአየር ንብረትም ይበጃል ይባላል። እውነት ይበጃል? ከበጀስ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የእኔን አቋም ልናገር። ይበጃል። ግን ግጦሽና ማገዶ የሚቀርበት ሰው በምትኩ ምን እንደሚያገኝ ተራራው ከመዘጋቱ በፊት ይጻፍ። «ወደፊት ትጠቀማላችሁ» ብቻውን አይበቃም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
ዘጠኝ ዓመት በተፋሰስ (ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ በሚወርድበት መሬት) ጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ። ከብት የማይረግጠው ተራራ በመጀመሪያው ክረምት ሣር ያወጣል። ጎርፉ ይረግባል፣ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል። ትግራይ ውስጥ ያለችውን አብርሃ ወአጽብሃን ተመልከቱ። ድርቅ ያጎሳቆላት ቀበሌ ነበረች። ሕዝቡ እርከን ሠራ፣ ተራራውን ከለለ፣ የጉድጓድ ውሃ ቀረበለት። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተፈጥሮን ጠብቀው ኑሯቸውን ላሻሻሉ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ሰጣቸው። መጀመሪያ ድርድሩ ይለቅ ካልን፣ በየክረምቱ አፈሩ እየሄደ ነው። እሱ አይጠብቀንም።

የባለፍየሏ ልጅ
ወንድሜ፣ እናቴ አምስት ፍየል ነበራት። መሬት የላትም። ከሰፈራችን በላይ ያለው ተራራ ሲዘጋ ሁሉንም በአንድ ወር ሸጠች። ያኔ ሁሉም ሰው ሻጭ ስለነበር ዋጋው ወርዷል። ፍየል ማለት ለእሷ የእኛ ደብተር፣ ጨው፣ የሕክምና ብር ነበር። ሣሩ የተከፋፈለው እርከን ላይ በሠሩበት ቀን ልክ ነው። እሷ ታማ ስለነበር ብዙም አልደረሳት። ምንጩ ጎልብቷል፣ አልዋሽም። የሚያጠጣው ግን ከታች ማሳ ያላቸውን ሰዎች ነው። ማገዶ ለቀማም ከሩቅ ሆነባት።

ከወላይታ
እህቴ፣ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። እዚህ ወላይታ ያለውን የሁምቦን ደን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሥራ ነው፤ 2,728 ሄክታር ተራራ። አብዛኛው ችግኝ ተተክሎ የመጣ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ መሬት ውስጥ ሕያው ነበር፤ ሲጠበቅ አቆጠቆጠ። ሰባት ማኅበራት ተቋቁመው ደኑን የመጠቀም መብት በስማቸው ተሰጣቸው። ዛፎቹ ከአየር ስበው የሚያስቀሩትን ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ሸጡ። ሣር አጭደው ለከብት የመውሰድ መብትም አላቸው። ልዩነቱን ያመጣው መብቱ በወረቀት መስፈሩ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ገንዘቡ የሚገባው ለማኅበሩ ነው። አባል ያልሆነ ድሃስ?

የውሃ ሰው
እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ችግኝ መትከልና ውሃ ማምጣት አንድ አይደሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር። ይህ ቁጥር ስለ ምንጭ ምንም አይነግረንም። ምንጭ አናት ላይ ባሕር ዛፍ ብትተክል ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። ሣርና የአገር ቁጥቋጦ የለበሰ ተራራ ግን ዝናቡን አቀዝቅዞ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ «ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ» የተባለ ሁሉ በጅምላ አይታይ። የትኛው ተክል፣ የትኛው ቦታ፣ ምንጩስ ሚያዝያ ላይ ምን ያህል ይፈሳል? ይሄ ይለካ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
እህቴ፣ የሣሩን ነገር እኛም ጋ አድርገነዋል። በሥራ ቀን ስናከፋፍል ፍትሐዊ መስሎን ነበር። አቅመ ደካማው እንደሚቀር አላሰብንም። ይቅርታ። ፍየሎቹ ይመለሱ ከተባለ ግን አልስማማም። ሦስት ዓመት የለፋንበት በአንድ በጋ ይጠፋል።

የባለፍየሏ ልጅ
ይመለሱ አላልኩም። ሣሩ በቤተሰብ ቁጥር ይከፋፈል ነው የምለው። መሬት የሌላቸው ሴቶችና ወጣቶች በተከለለው ቦታ ውስጥ ቀፎ ይስቀሉ። ደረቅ ጭራሮ የሚለቀምበት ቀን ይኑር። ይሄን ሁሉ ከመዘጋቱ በፊት እንጂ እናቴ ሸጣ ከጨረሰች በኋላ አይደለም።

የመርዓዊ ልጅ
እኔ ያደግሁት ቆጋ ግድብ አጠገብ ነው። ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተብሎ የተሠራ ነው። ደለል እንዳይሞላው የላይኛው ገበሬ እርከን ይሠራል። ለእርከኑ ከማሳው ላይ ይቆርሳል። የታችኛው በመስኖ ሽንኩርትና ስንዴ ያመርታል። ከየምርቱ ትንሽ ወደ ላይ ቢሄድ ምን ክፋት አለው?

የውሃ ሰው
ገበሬን ከገበሬ ብቻ ለምን ታስከፍያለሽ? ከተሜው የት ሄደ? ከአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል። ከእነዚህ ግድቦች በላይ የሚያርሱ ሰዎች አሉ።

የመርዓዊ ልጅ
ልክ ነህ፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በወር የውሃ ሂሳቤ ላይ ይጨመርብኝ፣ እከፍላለሁ። ግን አምስት ፍየል የሸጠችው ሴት ቤት መድረሱን ማን ያሳየኛል? የተፋሰስ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ የእናንተ መዝገብ ላይ መሬት የሌላቸው ሰዎች ስም አለ?