በተጣመሩ ኳንተም ዶቶች ጅረቱ ማዕዘን ላይ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ጎንደር ሆኜ መሣሪያው ስለሌለኝ ሁለት የተጣመሩ ኳንተም ዶቶችን (ኤሌክትሮኖችን የሚይዙ እጅግ ጥቃቅን ቦታዎችን) በኮምፒውተር ስሌት ብቻ አጠናለሁ። ሁለቱን የጌት ቮልቴጆች (በዶቶቹ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት የሚቆጣጠሩትን) እየቀያየርሁ ስስል፣ ቅዳሜ ገበያ እንደማየው የማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ምስል ይወጣል፤ በዶቶቹ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ግን ለምን ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ይታያል?

መልስ 1፦ እያንዳንዱ ክፍል በሁለቱ ዶቶች ያለው የኤሌክትሮን ብዛት የማይለወጥበት ክልል ነው። ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ አዲስ ገቢ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል፤ ሦስት ክልሎች በሚገናኙበት ነጥብ ግን የሁለቱም ዶቶች የጉልበት እርከኖች ከምንጩና ከመቀበያው (ኤሌክትሮኑ ከሚገባበትና ከሚወጣበት ጫፍ) ጋር ስለሚስተካከሉ ኤሌክትሮኑ በየተራ ይሻገራል። ትስስሩ ሲጠነክር በጠርዞቹም ላይ ደብዛዛ ጅረት ያያሉ።

መልስ 2፦ በስሌትዎ ውስጥ ሙቀቱን ስንት አድርገውታል? በ300 ኬልቪን የሙቀት ጉልበቱ 26 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ የመሙያ ጉልበቱ (አንድ ኤሌክትሮን ለመጨመር የሚጠየቀው) ጥቂት ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ ምስሉ ፈጽሞ ይጠፋል።

ጠያቂ፦ 0.1 ኬልቪን ነው፤ አመሰግናለሁ።