ታናሼ የ12ኛ ውጤት እየጠበቀ ነው፤ «ካልሆነስ?» ማለት ሟርት ነው እንዴ?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም ለቤቱ። ያለሁት ሐዋሳ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛን በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትኗል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከርሞ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ያገኘሁት የእሱ ያልሆነ አንሶላና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነው። «ፈተናው እንዴት ነበር?» ስለው «ደህና ነው» ይላል። ከዚህች «ደህና ነው» ምን እንደምረዳ እኔ አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ በሰጠው ሞዴል ፈተና ከ600 ያመጣው 282 ነበር። ማለፊያው 300 ነው። ስለዚህ ልጁ እዚያችው ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ ወዲህም ወዲያም ሊወድቅ ይችላል።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «ካልመጣለትስ ምን እናደርጋለን?» አልኩ። እናቴ «ክፉ አታውሪ» ብላ አማተበች። አባዬ ስኒውን አስቀመጠና «ሟርተኛ!» ብሎኝ ተነሳ። አባዬ 30 ዓመት የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር። «አባዬ፣ ስኮርታ ሳትይዝ ከሞጆ ወጥተህ ታውቃለህ?» አልኩት ከኋላው። መልስ የለም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የእቁብ 45,000 ብር እጄ ላይ አለ። አንድ የግል ኮሌጅ ሰው ልኮብን ነበር። «በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ እንመዘግበዋለን፣ ቦታ እያለቀ ስለሆነ 5,000 ብር ከፍላችሁ ያዙ» አለን። ልጁ የሚፈልገውም ሶፍትዌር ነው። ልክፈል? ወይስ ሬሜዲያሉን፣ ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ልጠብቅ? ቴክኒክና ሙያ ስለው ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል።

ከአራት ወሩ የተረፈው፦
እህቴ፣ ብሩን ከቦርሳሽ እንዳታወጪው! ውጤቱ ያልታወቀ ልጅ ዲግሪ ገባ የሚባል ነገር የለም። የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ከ12ኛ በቀጥታ ለዲግሪ ወይ 50 በመቶ ማምጣት ነው፣ ወይ ሬሜዲያል ገብቶ ማለፍ። ያ ሰውዬ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

እኔ በ2016 ተፈትኜ 247 ነው ያመጣሁት። የዚያን ዓመት ከተፈተነው ያለፈው 5.4 በመቶ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 3.2። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ልጁ ባያልፍ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ነው። እኛ ቤት ተቀምጧል። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፣ እውነቴን ነው።

ሬሜዲያል የገባሁት ሦስት ቀን አልቅሼ ነው። አራት ወር ነው፣ ግን አራት ወር የሚመስል አይደለም። የ11ኛና የ12ኛን ትምህርት እያሯሯጡ ያስኬዱታል። ማታ ውኃ ሲመጣ በጀሪካን እየተሰለፍን ኬሚስትሪ እንጠያየቅ ነበር። ከውጤቱ ከፊሉ ዩኒቨርሲቲው የሚመዝነው ነው፣ ሌላው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነው፣ እዚያም ማለፊያው ያው 50 ነው። ከዶርማችን ስምንት ልጆች ሦስቱ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። ሦስቱም «ገባን እኮ» ብለው የተዝናኑ ነበሩ።

ሬሜዲያል ለመግባትም መቁረጫ ነጥብ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ነው የሚያወጣው፣ ለወንድና ለሴትም ይለያያል። የአምናውን ይዘሽ የዘንድሮን አትቁረጪ።

ቅባት በቅባት፦
ስለ ቴክኒክና ሙያ ፊቱ የሚጠቁረው ወንድምሽ ብቻ አይደለም። የእኔም እናት ለጎረቤት «ኮሌጅ ነው የሚማረው» ነበር የምትለው። ምን ኮሌጅ እንደሆነ ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። እኔ አውቶሞቲቭ ነው የተማርኩት፣ ደረጃ 4፣ አዲስ አበባ። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በተግባር ነው፣ ጋራዥ ድረስም ይልኩሃል። የመጀመሪያ ቀን ፍሬን ሸራ ስቀይር ጋሼ የሚባሉት መካኒክ እጄን አይተው «ይሄ የእስክሪብቶ እጅ ነው» አሉኝ። አሁን የራሴ ሁለት ክሪክ አለኝ፣ ሁለት ልጆችም ቀጥሬያለሁ።

ልጁ ሶፍትዌር ከፈለገ በደረጃ የሚሰጥ የዌብና የዳታቤዝ ሥልጠና አለ። እናንተ ጋ ፖሊ ቴክኒኩ አጠገባችሁ ነው፣ ሄዳችሁ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። በስልክ አይሆንም፣ ሂዱ። ምዝገባው ውጤት ከወጣ በኋላ ነው የሚከፈተው፣ ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል። እያለቀሰ ቤት የከረመ ልጅ የሚደርሰው ማንም ያልፈለገው ዘርፍ ነው። ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ካላለፈ ደግሞ የተማረው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከደረጃ 4 በኋላ ሲኦሲ ይዞ ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት በር አለ፣ ግን መስፈርቱ ሲቀያየር ስላየሁ እሱን ብቻ ተማምኖ አይግባ።

የደሴዋ መምህርት፦
16 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ዘንድሮም የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ መውደቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ አልፎ ዕድሉን የሚያባክነው ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት 400 ምናምን ያመጣች ተማሪዬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትፈልግ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ተመዝግቦ መፈተን ያስፈልጋል። እሷ ድሮ እንደነበረው በምደባ የሚመጣ መስሏት ቁጭ አለች። ሰማች፣ ቀኑ ግን አልፎ ነበር። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም መግቢያ ፈተና አላቸው። ሶፍትዌር ለሚፈልግ ልጅ እነዚህን አለማየት ኃጢአት ነው፤ ይቅርታ፣ መምህር ስሆን ድምፄ ከፍ ይላል።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላም ጓደኛው የሞላውን እንዳይገለብጥ። ብዙዎቹ ከላይ ያሉትን አምስቱን ተጨንቀው ይሞሉና የቀረውን ዝም ብለው ይደረድራሉ። ከዚያ 18ኛ ላይ ያስቀመጡት ሲደርሳቸው «ማን መረጠልኝ?» ይላሉ። እያንዳንዱን ቦታ «እዚህ ቢመደብ ይሄዳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው።

በግል እንደገና መፈተንን በተመለከተ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ለእሱ ብቻ የሚዘጋጅ ልጅ ሲሳካለት ያየሁት ጥቂት ነው። ሌላ ነገር እየተማረ ከሆነ ይሞክር። ምዝገባው ከፈተናው ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚያልቅ ግን ቀኑን ከወዲሁ ይከታተል።

5,000 የበላችኝ፦
እኔ ከፍያለሁ። ለእህቴ ልጅ። ኮሌጁ ፈቃድ ነበረው፣ ግን ለሌላ ካምፓስና ለሌላ የትምህርት መስክ። ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ወረቀት በመስታወት ውስጥ ስለሆነ ቀርቤ አላነበብኩትም፣ ማኅተሙ ብቻ አማለለኝ። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስናጣራ ነው የታወቀው። ብራችንን ለማስመለስ የተመላለስንበት የታክሲ ሒሳብ ብቻ ሌላ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ደግሞ «ባለፈው መውጫ ፈተና ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ አለፈ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ልጁ ከርሞ ከርሞ መውጫውን 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም። ወሬ ከቀየሩብሽ ሻይሽን ጨርሰሽ ውጪ።

የሐይቅ ዳሯ፦
ኧረ ተባረኩ። ብሩን አልከፈልኩም። ሰውዬው ትናንት ደውሎ ነበር፣ ውጤት ሳይወጣ በዲግሪ እንዴት እንደሚመዘግቡት ስጠይቀው «ኔትወርክ ይቆራረጣል» ብሎ ዘጋው።

ማታ ከታናሼ ጋር ቁጭ ብለን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፍን። ከ300 በታች ሆኖ ሬሜዲያል ከደረሰው፣ ይገባል። ካልደረሰው፣ ሰኞውኑ ፖሊ ቴክኒክ። እሱ ራሱ «ዌብ» ብሎ ጻፈበት፣ ፊቱም ያን ያህል አልጠቆረም። እቁቡ ሳይነካ ይቆያል። ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው።

ጠዋት አባዬ መነጽሩን አድርጎ ፍሪጁ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ። ዞር ብሎ «ሟርተኛ ማለት እናንተ ናችሁ» አለ። «300 ቢያልፍ ምን እንደሚያደርግ አንድ መስመር አልጻፋችሁም።» ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶ አወጣና «ያቺ መምህርት ያለችውን ፈተና እስኪ ንገሪኝ፣ ምዝገባው መቼ ነው?» አለኝ።