አዛውንት አሽከርካሪ በዕድሜው ብቻ ይፈተን? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ ብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። ወላጆቻችን እየሸመገሉ ነው፣ መኪናም እየነዱ ነው። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ዕድሜን ብቻ አይታ መንገድ ላይ የመንዳት ፈተና የምታስገድድ ግዛት ናት። ግዴታው ከ79 ዓመት ይጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 2026 ጀምሮ ወደ 87 ከፍ አድርጎታል። እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ ደግሞ ጎን ለጎን ሦስት ሕግ አለ። ዲሲ 70 የሞላው ሰው ፈቃዱን ሲያድስ የሐኪም ማረጋገጫ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ 75 የሞላው በአካል ቀርቦ ዓይኑን እንዲታይ ታደርጋለች፤ የምታድስለትም ለ5 ዓመት ነው። ሜሪላንድ ዓይንን ከ40 ዓመት ጀምሮ በየእድሳቱ ታያለች፣ ዕድሜ ብቻውን ግን ለዳግም ፈተና ምክንያት አይሆንም ትላለች። ድልድይ በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ይቀየራል ማለት ነው። የትኛው ነው ትክክል? አንድ አደራ፦ ስለ እናትና አባት እያወራን ነውና አፋችንን እንጠብቅ።

ባለታክሲ፣ አሌክሳንድሪያ፦
እኔ ፈተና ይኑር ባይ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ይዤ ነው የምውለው። ወጣቱ ሲከንፍ አያለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አዛውንቱን የማየው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ ያበራሉ። አረንጓዴ ቀስት የለም፣ ተራው አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው የበራው። ከፊት የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደራቀና እንዴት እንደሚፈጥን በዓይናቸው መገመት አለባቸው። ትንሽ ይወጣሉ፣ ያመነታሉ፣ መሐል ላይ ይቆማሉ። ከኋላ ያለው ክላክስ ይለቅባቸዋል። ያኔ ይደነግጡና ዘው ይላሉ። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። አዛውንቶች ላይ የሚበዛው ግጭት መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ በተለይ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚደርሰው እንደሆነ በጥናትም የታወቀ ነው።

ደግሞ ሳንታ ሞኒካን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጁላይ ወር አንድ የ86 ዓመት ሰው መኪናቸውን የገበሬዎች ገበያ ውስጥ ሰተት አድርገው አስገቡት። 10 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት ፍሬኑን ትተው ነዳጁን መርገጣቸው ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የሞቱት ሰዎችስ ምን አደረጉ? ለአብራሪና ለከባድ መኪና ሾፌር የጤና ምርመራ አለ። ለአባቴ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

የዓይን ክሊኒክ ሠራተኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። የማየውን ልንገራችሁ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ብሌኑ እንደ ድሮው አይሰፋም፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። ስለዚህ ቀን ላይ የዓይን መመርመሪያውን የፊደል ሰንጠረዥ እስከ ታች የሚያነብ ሰው፣ ማታ ዝናብ ሲዘንብ መስመሩ ይጠፋዋል። ክፍላችን ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ ደግሞ ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ፣ በደማቅ ብርሃን ነው። ማታን አይመስልም።

ደስ የሚለው ግን ብዙው የሚታከም መሆኑ ነው። የዓይን ሞራ ያስወገዱ አዛውንቶች ካላስወገዱት ያነሰ አደጋ እንደሚደርስባቸው ጥናት አሳይቷል። መድኃኒትም አለ። የእንቅልፍ ኪኒን፣ ለአለርጂ የሚወሰደው አሮጌው ዓይነት ኪኒን፣ እነዚህ ጠዋትም ጭንቅላት ውስጥ ይቆያሉ። ስንቶቻችን ነን የእናታችንን የኪኒን ሳጥን ከፍተን ያየን? የመንዳት ፈተናው ይህን አያገኘውም። ሰውየው ፈተናው ቀን ንቁ ሆኖ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ማታ ኪኒኑን ይውጣል።

ዴንማርክ አዛውንት አሽከርካሪዎችን በአእምሮ ምርመራ ማጣራት ጀምራ ነበር። ተጠንቶ ሲታይ መኪና ውስጥ ያሉ አዛውንቶች ሞት አልቀነሰም። በእግርና በብስክሌት የሚሄዱ አዛውንቶች ሞት ግን ጨመረ። መኪናውን የተወ ሰው መንገዱን አልተወም፣ ያለ ብረት ወጣበት። በእያንዳንዱ ማይል ከተሰላ ደግሞ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ70 ዓመቱ ሰው ይበልጥ ይጋጫል። አዛውንቶች የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ አጥንታቸው ስለማይችል ነው፤ የሚሞተውም በአብዛኛው ራሱ ሾፌሩ ወይም አብሮት የተቀመጠው ነው።

የ77 ዓመት አባት፣ ቨርጂኒያ፦
ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። ማታ መንዳት ከተውኩ ቆየሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። ቤልትዌይ፣ ከተማዋን የሚዞረው ፈጣን መንገድ ላይ፣ አልወጣም። ዝናብ ካለ ቤቴ እቀመጣለሁ። መኪናዬ የምትሄደው ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤትና ሱቅ ነው። እሑድ ኪዳን ለማድረስ ሌሊት መነሳት ነበረብኝ፤ አሁን ሲነጋጋ ነው የምሄደው። የሚቀርብኝን አውቄ ቀንሻለሁ።

ይህችን መኪና ብትወስዱብኝ ማን ያደርሰኛል? ሜትሮአክሰስ፣ ለአካል ጉዳተኞች በቀጠሮ የሚመጣው መኪና፣ አለ ትሉኛላችሁ። ቢያንስ በዋዜማው መመዝገብ አለባችሁ፣ ከዚያ ሌላውን ተሳፋሪ እያደረሰ ነው የሚመጣው። ለቅሶ ዛሬ ሲመጣ ለነገ አይመዘገብም። ጎረቤት ቢታመም፣ ማኅበር ቢኖር፣ ልጄን ከሥራ ልጥራት? ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ?

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳውም። ፈታኙ የሚያዘኝ በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ከመንገዱ ይልቅ እሱን ለመስማት እጨነቃለሁ። ብወድቅ መንዳት ስላልቻልኩ ነው ወይስ ስላልሰማሁት?

ልጅ፣ ሜሪላንድ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ማታውን ስለተዉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔ አባት እንደ እርስዎ አልነበሩም። የቀኙ ስፖኪዮ ተላጠ። ቀጥሎ ባምፐሩ ላይ የጋራዡ በር ነጭ ቀለም ተገኘ። ስጠይቃቸው «ፓርኪንግ ላይ አንዱ ገጭቶኝ ሄደ» አሉ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አብሬያቸው ስሄድ አንገታቸው አይዞርም፤ ጎን ያለውን መኪና በስፖኪዮ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ያውም በተላጠው።

አሁን ንገሩኝ፣ እኔ ልጃቸው «አባዬ ቁልፉን ስጡኝ» ልበላቸው? በእኛ ቤት ይህ አይባልም። ወንድሜ ሞከረ፣ ለወራት አልተነጋገሩም። የነፍስ አባታቸውን ለመንኩ፤ እሳቸውም ተግሳጽ እንዳይመስል ፈርተው አድበስብሰው ተዉት። ለዚህ ነው እኔ የመንግሥት ግዴታ ይኑር የምለው። ደንብ ሲሆን ማንም አልደፈራቸውም። ሁሉም የ75 ዓመት ሰው ይታያል ከተባለ ውርደት የለውም፣ ተራ ነው።

በመጨረሻ ያዳነን ሐኪማቸው ናቸው። ወደ አሽከርካሪ መዛኝ ባለሙያ ላኳቸው። ይህ የሙያ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ዓይን፣ አንገት፣ እግር፣ የምላሽ ፍጥነት ያያል፣ ከዚያ ሁለት ፍሬን ባለው መኪና ይዞ ይወጣል። ውጤቱ ቁልፉን መንጠቅ አልሆነም። ቀን ብቻ ይንዱ፣ ሀይዌይ አይውጡ፣ ሰፋፊ ስፖኪዮ ይገጠም ተባለ። አባቴ ያንን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፈው ያከብሩታል። እኔ ብናገረው ኖሮ አንድ ቀንም አያከብሩትም። ችግሩ ዋጋው ነው። ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አይከፍልም፣ ከኪስ ነው።

ከለንደን፦
እዚህ 70 ሲሞላህ ፈቃድህ ያበቃል። በየ3 ዓመቱ ታድሳለህ። ግን የምታድሰው ራስህ ቅጽ ሞልተህ «ደህና ነኝ፣ ዓይኔም ያያል» ብለህ ነው። ታርጋ ከ20 ሜትር ማንበብ አለብህ ይላል ሕጉ፤ ስታድስ ግን ወጥቶ የሚያስነብብህ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ዓይናቸው የደከመ አሽከርካሪዎች የገደሏቸውን የ4 ሰዎች ጉዳይ አይተው ይህ አሠራር ሰውን አያድንም ብለው ለመንግሥት ጽፈዋል። ሰውን በራሱ ላይ ምስክር ማድረግ አይሆንም። ሕመምተኛው ሕመሙን መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው።

ባለታክሲ፣ አሌክሳንድሪያ፦
የሜሪላንዷ እህቴ የተናገረችው አሳመነኝ። መዛኙ ባለሙያ ከተራ ፈታኝ ይሻላል። ኢሊኖይ 87 ያለችው ግን አይዋጥልኝም። ወደዚያ ዕድሜ የሚደርሰው ስንቱ ነው? ጃፓን 75 የሞላውን ሁሉ ሲያድስ በአእምሮ ምርመራ ታሳልፋለች፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ የተወሰኑ የትራፊክ ጥፋቶች ያሉበት የ75 ዓመት ሰው መንዳቱን በተግባር ሳያሳይ አይታደስለትም። ይህ ልክ ነው እላለሁ። ፈተናው በልደት ቀን ሳይሆን በጥፋት ይምጣ።

የዓይን ክሊኒክ ሠራተኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ልስማማ። ግን ትልቁን ቀዳዳ አላየነውም፤ የእድሳቱን ርዝመት ማለቴ ነው። ዲሲም ሜሪላንድም ፈቃድ እስከ 8 ዓመት ያድሳሉ። በ72 ዓመቷ ዓይኗን ታይታ ያለፈች እናት ቀጥሎ የምትታየው በ80 ነው። በመሐል ሞራው ይበስላል፣ ስኳሩ ሬቲናዋን ይጎዳል፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ የእይታዋን ዳር ዳር ይበላል። ግላኮማ አያምም፣ እኛም ሰዎች ጋ በብዛት የምናየው በሽታ ነው። መንገድ ላይ ከመፈተን በፊት ከ70 በላይ በየ2 ዓመቱ የዓይንና የመድኃኒት ምርመራ ይሁን። ሜዲኬር፣ የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን፣ ይክፈለው። ከዚያ ያጠራጠረውን ወደ መዛኙ ላኩት።

የ77 ዓመት አባት፣ ቨርጂኒያ፦
በየ2 ዓመቱ ዓይኔን እዩ፣ እመጣለሁ። ኪኒኔንም በፌስታል ይዤ እመጣለሁ። መዛኙ ጋ ከላካችሁኝ ግን አስተርጓሚ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፣ ዋጋውም በልጄ ላይ አይውደቅ። ባለታክሲው፣ አንተ ደግሞ ክላክሱን ተው።

ባለታክሲ፣ አሌክሳንድሪያ፦
አባቴ፣ ክላክሱን እተዋለሁ። አስተርጓሚው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። መንገድ ላይ ትእዛዙ ተተርጉሞ እስኪደርስዎ መታጠፊያው አያልፍም? ትእዛዙ ከመነሳታችን በፊት በአማርኛ ቢነገር፣ መንገድ ላይ በምልክት ብቻ ቢሆንስ? ይህን የሠራ ሰው ካለ ይጻፍልን።