የኪነት ቡድኖች ቀልድና ዘፈን እንደገና መድረክ ላይ ይውጣ ወይ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦ በደርግ ዘመን የቀበሌና የአውራጃ ኪነት ቡድኖች ዘፈንና ቀልድ እየቀላቀሉ ያሳዩአቸው የነበሩ ጨዋታዎች በከተማችን እንደገና ይቅረቡ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ምን ትላላችሁ?

ከሐይቅ፦ ይቅረቡ እንጂ! ግጥሙ ስለ አብዮቱ ቢሆንም ዜማው ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው። ደርግ ያልፈጠረው ዜማ ከደርግ ጋር የሚቀበርበት ምክንያት የለም።

የታሪክ መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ መርዙ የሚዋጠው ዜማው ማር ስለሆነ ነው። በሶቪየት ኅብረት በስታሊን ዘመን፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የተሠራ «የኩባን ኮሳኮች» የሚባል የሙዚቃ ኮሜዲ ፊልም አለ፤ ኩባን በደቡብ ሩሲያ ያለ የእርሻ አገር ነው። ሁለት የኅብረት እርሻ ሊቀመንበሮች ይፎካከራሉ፤ አንደኛው ጎበዝ ሠራተኛውን እንዳያጣ ብሎ ልጅቷ የሌላውን እርሻ ጎረምሳ እንዳታገባ ይከለክላል። ፍቅር እንኳ በምርት ይለካል! ገበያው በእህልና በሸቀጥ ሞልቶ ይታያል። በ1946 እና በ1947 ግን አገሪቱ በረሃብ ሰው ስትቀብር ነበር፤ ኩባን ራሷም በ1932 እና በ1933 በረሃብ አልቃለች። ከስታሊን በኋላ መሪ የሆነው ክሩሽቾቭ በ1956 ስታሊንን ሲወቅስ፣ ስታሊን ገበሬውን የሚያውቀው በፊልም ብቻ ነበር፣ በፊልሙም ጠረጴዛው በዝይ ብዛት ይጎብጥ ነበር ብሏል። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነው? መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሲጨፈርበት፣ ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ኮረም ሰው በጠኔ ይረግፍ ነበር።

ከሐይቅ፦ መምህር፣ ረሃቡን የደበቀው ባለሥልጣን እንጂ ማሲንቆ መቺው አይደለም።

የቀድሞ ተወዛዋዥ፣ ከቦሩ ሜዳ፦ እኔ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ለአብዮቱ ነበር፤ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ማሲንቆው ወደ አምባሰል ሲዞር እልልታው ይቀልጣል። ሕዝቡ ያኔም ለይቶ ያውቅ ነበርና ለዜማው አትስጉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ቀልዱ ነው። ሰፈራ አልሄድም የሚል ገበሬ አሳይተን ነበር፤ ጋቢው የተቀደደ፣ አፉን የከፈተ፣ ከበሬው ጋር ምክር የሚይዝ ቂል አድርገን። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አጎቴ ከፊት ወንበር ላይ ነበር። እርሱም አልሄድም ብሎ ነበር። ኩታውን አፉ ላይ አጣፍቶ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። በሳምንቱ ሰፋሪ በጫነው መኪና ላይ አየሁት።

የታሪክ መምህር፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሰውየው ከመጋዙ በፊት መሳቂያ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይጮህለታል?

ከሐይቅ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ስለ ዘፈኑ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ቀልዱ ግን ይቅር።

የቀድሞ ተወዛዋዥ፦ አይደለም፣ ልጄ። ቀልዱም ይውጣ። ቆርጣችሁ ከጣላችሁት እኛ የሠራነውን ማን ያውቃል? ብቻ አስቀድማችሁ የአጎቴን ልጆች ጠይቁ። ሁለቱ ከሰፈራ ተመልሰው ደሴ ይኖራሉ።