ለላንድክሩዘር የአቧራ መለያ ማስገጠም ያዋጣል?

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ፒያሳ ነው፤ ሥራዬ ግን ቱሪስት ይዞ ዳናኪል መውረድ ነው። መኪናዬ ስኖርክል (ከጣሪያ ከፍታ አየር የሚስብ ቱቦ) ያለው የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ከአፋር በተመለስኩ ቁጥር የአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) እንደ ወፍጮ ቤት መስኮት ነጥቶ አገኘዋለሁ። ስኖርክሉ አናት ላይ የሚገጠመው የአቧራ መለያ ጣሳ ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል ወንድሜ። አየሩ ሲገባ ክንፎቹ ያሽከረክሩታል፤ ከባዱ አቧራ ወደ ዳር ተወርውሮ ጣሳው ውስጥ ይቀራል። ደቃቁ ግን ያልፋል፤ ስለዚህ ፊልትሮውን አይተካም። ለሞተርህ የሚበቃ አየር የሚያሳልፍ ምረጥ። ካነሰ ሞተሩን ያፍነዋል።

መልስ፦ መካኒክ ነኝ። በቅድሚያ ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚገፋው) ያለውን ማኒኮቶ፣ ማለትም የጎማ ቱቦ፣ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ አፈር ከታየ የሆነ ቦታ አቧራ ያስገባል ማለት ነው። ወይ ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ላልቷል፣ ወይ የፊልትሮው ጎማ ደርቋል። እሱ ሳይዘጋ ጣሳ መግጠም ብር መጣል ነው። ቱርቦውን የሚበላው ያ አፈር ነው! ደግሞ አደራ፣ ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር ስታስነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ማኒኮቶውን ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ነገ የስኖርክሉን አፍ ለክቼ ጣሳውን ልገዛ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ።