የኬሚካል ስቶር ሴፍቲ ትሬኒንግ ግማሽ ቀን ይበቃል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ በቅርቡ ስቶር ተመድቤ አሴቶን (ቶሎ የሚቀጣጠል ማሟሟያ ፈሳሽ) እና አሞኒየም ናይትሬት (ለማዳበሪያ የሚውል ኬሚካል) እንድይዝ ተደረገ፣ ትሬኒንግ ተብሎ ግን ግማሽ ቀን ስላይድ አሳይተው አስፈርመውን ለቀቁን፣ ይሄ ይበቃል ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ኧረ በጭራሽ! ፊርማው ለነሱ ነው እንጂ ላንተ ምን ይሰራልሃል። መጀመሪያ የየኬሚካሉን ሴፍቲ ዳታ ሺት (የአደጋና የጥንቃቄ መረጃ ሰነድ) አምጡ በላቸው፣ 16 ክፍል አለው፣ 7ኛው አያያዝና አቀማመጥ ነው፣ 10ኛው ከምን ጋር እንደማይስማማ ይነግርሃል፣ እነዚህን ሳታነብ በርሜል እንዳትነካ።

መልስ 2፦ አሞኒየም ናይትሬት እንዲሁ ዝም ብሎ አይፈነዳም፣ ግን ከነዳጅ ወይ እንደ አሴቶን ካለ ሶልቨንት ጋር ከተነካካና እሳት ካገኘው ሌላ ታሪክ ነው፣ 2020 ቤሩት ወደብ ላይ የፈነዳው እኮ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የተረሳ 2,750 ቶን ገደማ ነው። ሁለቱን አንድ ክፍል ነው እንዴ ያስቀመጡት?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ግድግዳም የለው በመሃል 😬

መልስ 2፦ በል እሱን ዛሬውኑ በጽሁፍ አሳውቅ፣ በቃል ከሆነ ነገ አልሰማንም ይሉሃል።

መልስ 3፦ አሴቶን ከበርሜል ስትቀዳ በርሜሉንና የምትቀዳበትን ዕቃ በሽቦ አገናኝተህ በርሜሉን ግራውንድ አድርግ (ከመሬት ጋር በሽቦ አገናኘው)፣ ፈሳሹ ሲወርድ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኝና ተመልሶ ወዳንተ ይመጣል፣ ሽታው ጠፋ ብለህ እንዳትዘናጋ። እና ትሬነሩ ስላይዱን ይተውና በርሜሉ ጋ ወስዶ ቀድቶ ያሳይህ፣ ከዛ አንተ እያየህ ሳይሆን እየሰራህ ይይህ።

ጠያቂ፦ ሽቦ የሚባል ነገር እንኳን አላየሁም እዛ ቤት። አመሰግናለሁ፣ ደብዳቤውን እየጻፍኩ ነው