እማዬን ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሌላ ታማሚ መታቻት፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ እማዬ 81 ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ነርሲንግ ሆም ናት። ማዶ ክፍል ያሉ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ የመርሳት በሽታ አለባቸው። አመሻሽ ላይ እየመጡ ክፍሏ ይገባሉ። ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ እማዬ ጎተተች። በምርኩዛቸው ክንዷን መቷት፤ በልዟል። ማንም አልደወለልኝም። በማግስቱ ስሄድ ነው ያየሁት። ነርሷ "ታማሚ ናቸው፣ ምን እናድርግ" አለችኝ። ወንድሜ ፖሊስ እንጥራ ይላል። እማዬ ደግሞ "ተዪው፣ ሠራተኞቹ ይጠምዱኛል" ትላለች። የደረሰበት ካለ እባካችሁ።

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፦ እግዜር ይማራቸው። በኛ ሥራ ይሄ ብዙ ያጋጥማል። ሴትዮዋ የገዛ ክፍላቸው ሳይመስላቸው አይቀርም፤ ነጠላውም የራሳቸው ሻርፕ። ስለዚህ እማማ አይጎትቱ። ይልቀቁና ደወሉን ይጫኑ። ደወሉ እጃቸው የሚደርስበት መሆኑን እዪ፤ ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ወድቆ ነው የሚገኘው። በሩ ላይ በአግድም የሚለጠፍ "ስቶፕ" የሚል ጨርቅ አለ፣ እሱን ጠይቂ። ብዙዎቹን ይመልሳል። የሴትዮዋ ቁጣ በድንገት የመጣ ከሆነ ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል። ይመርመሩ።

የቨርጂኒያው፦ "ታማሚ ናቸው" ብሎ ማለፍ የለም! ከ1987ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ ነዋሪን ከጥቃት መጠበቅ የቤቱ ግዴታ ነው፤ የመታው ሌላ ነዋሪ ቢሆንም። ጥቃት ከተጠረጠረ በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ፣ የምርመራውን ውጤት በ5 የሥራ ቀን ማቅረብ አለባቸው። "አሳውቃችኋል ወይ?" ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። በቃል አይሆንም። ክንዷን ፎቶ አንሺ። ከዚያ የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ ይጥሩ፣ አስተርጓሚም ያቅርቡ። አንቺ አታስተርጉሚ፤ የምትከራከሪው አንቺ ነሽ። ካልሰሙሽ ኦምቡድስማን አለ፣ እንባ ጠባቂ እንደምንለው። በየስቴቱ አለ፣ ነፃ ነው፣ ያለ እናትሽ ፈቃድ ስሟን አያወጣም። ክፍል እንቀይራት ካሉ ምክንያቱን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡሽ። ፖሊስ መጥራት መብታችሁ ነው፤ ግን ሴትዮዋ ነገ ይረሱታል፣ በሩም ክፍት እንደሆነ ነው።

ከዳላስ፦ እናት እንዴት እዚያ ትቀመጣለች? ቤትሽ ውሰጃት።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ቤቴ ሦስት ፎቅ ደረጃ ነው። ማን ያነሳታል?

ሲኤንኤ ነኝ፦ እሱን ተዪው። ስብሰባው ምን ሆነ?

ጠያቂ (ከ9 ቀን በኋላ)፦ ለስቴቱ ያሳወቁት እኔ ኢሜይሉን ከላክሁ በኋላ ነው። ስብሰባው ላይ ነገሩ ወጣ፦ እማዬ ከመግባቷ በፊት ሴትዮዋ የነበሩት እዚያው ክፍል ነው! ማንም አልነገረንም። አሁን ጨርቁ ተለጥፏል፣ የሴትዮዋም በር ላይ የወጣትነት ፎቷቸውን ሰቅለዋል። አመሻሽ ላይ አንዲት ሠራተኛ ይዛቸው ፎጣ ያጣጥፋሉ። ከማክሰኞ ወዲህ አንዴ ብቻ መጡ። እማዬ ደወሉን ተጫነች፤ ነጠላውን ግን ትራሷ ሥር ደብቃለች።